ሙክቱን ጠቦት ያለው ምስክር

አሁን ከመንዝ፣ ከሞላሌ ችሎት መውጣቴ ነው፤ ልቤ ገና አልተረጋጋም! ስንት ዓመት ችሎት ስዘግብ ሰው በገዛ አፉ እንዲህ ሲያዝ አላየሁም።

ተከሳሹ የወፍጮ ቤት ባለቤት ነው። ታናሽ ወንድሙ ፊት ለፊቱ ሌላ ወፍጮ ተከለና ገበያው ወደዚያ ዞረ። ዐቃቤ ሕግ "ወንድሙን ለማስገደል ሰው ቀጥሯል" ይላል።

የተቀጠረው ሰው ግን ሄዶ ለፖሊስ ተናገረ፤ ምስክርም ሆነ። ተከሳሹ "ሰውየውን አይቼው አላውቅም" ስላለና ሌላ ማስረጃ ስላልነበረ፣ ነፃ ይወጣል ብለን ነበር።

ዛሬ ዳኛው ምስክሩን "ቀብድ ምን ሰጠህ?" አሉት።

"አንድ የከሳ ጠቦት፣ ክቡር ፍርድ ቤት።"

ተከሳሹ ብድግ አለ። "አንተ ውሸታም! ሁለት ዓመት ገብስ የቀለብኩትን ሙክት ነው ጠቦት የምትለው?"

ጠበቃው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። (ከአዲስ አበባ የመጣ ነው፤ መንዜ በጉን ሲያጣጥሉበት ዝም እንደማይል ማን ይንገረው?)

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ያልሳቀው ታናሽየው ብቻ ነበር።

"ጋሼ" አለው ቀስ ብሎ፣ "ያን ሙክት እኮ ለሰርጌ ነበር የምትቀልበው።"

ተከሳሹ አንገቱን ደፋ።

እናንተስ፣ ክርክር ባልታሰበ አንድ ቃል ሲገለበጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እስቲ ጻፉልኝ።