ሮፌጣሙን ያነበብሁበት ቀን

ባለፈው ሳምንት በጦር ኃይሎች አካባቢ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ለጀማሪ መምህራን ስለ ንባብ ሳስረዳ፣ ልጆች ፊደሉን በእርግጥ መለየታቸውን ለማወቅ ትርጉም የሌላቸውን የፈጠራ ቃላት ማስነበብ እንደሚጠቅም ተናገርሁ። አንድ ወጣት መምህር እጁን አወጣ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ትርጉም ከሌለው ምን ያደርጋል?»

ጥቂቶች ሳቁ። እኔ ግን ይህንኑ ጥያቄ በልጅነቴ፣ በጠላት ዘመን፣ ከሌላ ሰው አፍ ሰምቼው ነበርና ደሜ ፈላ።

የኔታ ተድላ ከጎጃም መጥተው ቀራንዮ የሰፈሩ የፊደል መምህር ነበሩ። ያኔ አብዛኛው ልጅ ምንባቡን በቃሉ ይይዝና ስንደዶውን በፊደሉ ላይ እየነዳ፣ ዓይኑን ከጓደኛው ቆሎ ሳይነቅል፣ ያነበበ ይመስል ነበር። ወላጅም በዚያው ይደሰታል። የኔታ ግን አይታለሉም። ጠዋት ጠዋት ከራሳቸው ያመነጩትን ቃል በከሰል ሳንቃ ላይ ይጽፋሉ፤ «ዞጠሜ»፣ «ቡገሊቅ»። እዚያ ላይ ሽምደዳ አይሠራም።

«የኔታ፣ ዞጠሜ ይበላል?» አለ አንዱ ቀልደኛ።

«ካነበብኸው ትበላዋለህ፤ ካላነበብኸው ይበላሃል!»

መስከረም ነበር። ዝናቡ ቢያባራም የኮልፌ መንገድ ጭቃው አልደረቀም፤ እርጥቡ ባሕር ዛፍ ይሸታል። የጣሊያኖቹ አስተርጓሚ፣ የእኛው አገር ሰው፣ ሁለት ወታደሮች አስከትሎ መጣና ሳንቃው ፊት ቆመ።

«ይህ በጫካ ላሉት ሽፍቶች የሚላክ ምስጢር ነው። ትርጉሙን ተናገር!»

«ትርጉም የለውም ጌታዬ። የልጆች ማንበቢያ ነው።»

«አንተ ሽማግሌ፣ ትርጉም የሌለው ነገር ማን ይጽፋል?»

ልጃቸው የሚሆነውን ሰው የኔታ አንቱ እያሉ መለሱለት። «እንግዲያው እርስዎ ከልብዎ ያመጡትን ይጻፉ። ይህች ልጅ ታነበዋለች።» ወደ እኔ ጠቆሙ።

ከሰሉን አንሥቶ ጻፈ። የኔታን የሚያተርፋቸው የእኔ ማንበብ ብቻ መሆኑ ገብቶኝ ስንደዶዬን በመጀመሪያው ፊደል ላይ አሳረፍሁ።

«ሮ... ፌ... ጣ... ሙ። ሮፌጣሙ!»

ልጆቹ አጨበጨቡ። የኔታ ፈገግ አሉ። አስተርጓሚው ግን ሳንቃውን ትክ ብሎ አየና «ለካ እውነትህን ነው» አለ። ወዲያው ፊቱ ጠቆረ። «ይህማ ይብሳል! ነገ ይቺ ከጫካ የሚመጣውን ወረቀት ሁሉ ልታነብ ነው።»

በጣሊያንኛ አንድ ነገር አለ። ወታደሮቹ የኔታን ግራና ቀኝ ይዘው ወደ ከተማው መንገድ ነዷቸው። ጥምጥማቸው ጭቃው ላይ ወደቀ፤ እንዲያነሡት እንኳ አልፈቀዱላቸውም። ከዚያ ወዲህ ያያቸው የለም።

አስተርጓሚው በጥርጣሬ ወስዷቸው ቢሆን ኖሮ አላዋቂነት ነው ብዬ እተወው ነበር። ንጹሕ መሆናቸውን አውቆ፣ ከእኔው አፍ አረጋግጦ ወሰዳቸው። ይህን ቁጣ ዕድሜም ሆነ ትምህርት አላበረደልኝም።

ባለፈው ሳምንት ታዲያ፣ በወጣቱ መምህር ፊት ጠመኔውን አንሥቼ «ሮፌጣሙ» ብዬ በሰሌዳው ላይ ጻፍሁ።

«አንብበው» አልሁት ወጣቱን።

ያለ ችግር አነበበው። «ትርጉሙስ?» አለ ፈገግ ብሎ።

«አንተ በማንበብህ መምህርህን የሚወስድብህ የለም፤ ተቀመጥ።»

ድምፄ እንደ ሻከረ ታወቀኝ። አላለዘብሁትም።