በቀይ እስክሪብቶ የታረመ ምስክርነት

ቦንግሱን በቶንግዮንግ ወደብ የዛጎል ሥጋ በቢላዋ እየፈለቀቀች ሠላሳ አንድ ዓመት ኖራለች። ቢላዋው መዳፏን ደጋግሞ ስለወጋው የግራ እጇ ጣቶች በደንብ አይታጠፉም። ከአራተኛ ክፍል ነው ከትምህርት ያስቀሯት፤ ስለዚህ ምስክርነቷን ለመጻፍ ሁለት ሳምንት ፈጀባት።

በቤተ ክርስቲያናቸው ለምስጋና በዓል እሑድ የሚመሰክር ሰው የሚናገረውን ጽፎ እስከ ሐሙስ ለመጋቢው ይሰጣል። መጋቢ ታክ ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ ያርማሉ። ከእሷ ወረቀት ሙሉ አንድ ገጽ ሰረዙ።

«እትዬ ቦንግሱን፣ ምስክርነት የሚያልቀው በድል ነው» አሏት። «ሟቹ ባለቤትዎ የዚህ ቤት ሽማግሌ ነበሩ። ይህን ጣሪያ በእጃቸው ነው የሠሩት። አሁን ይህን ማንሣት ማንን ያንጻል?»

«እሺ» አለች። እሺ ማለት ለምዶባታል።

ችግሩ ልጇ ሳንግቾል ሊመጣ መሆኑ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት እዚያው መድረክ ላይ ቆማ፣ ባሏ ቤታቸውን በጸሎት እንዳቆመ ስትመሰክር ተነሥቶ ወጥቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለዓመት በዓል እንኳ ደጇን አልረገጠም። በዚህ ሳምንት ደውላ ስትለምነው፣ «እመጣለሁ» አላት። «ግን ያንኑ ከደገምሽው ስልክ ቁጥሬን እቀይራለሁ። የምሬን ነው እማዬ።»

እሑድ ዕለት ከመድረኩ ፊት ዱባና የሩዝ ጆንያ ተደርድሯል። ሳንግቾል በሩ አጠገብ፣ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ጸጉሩ ሸብቷል።

ቦንግሱን የመጀመሪያውን ገጽ እንደታረመው አነበበች። ስለ ድህነቱ፣ ስለ ባሏ ትጋት። ሕዝቡ በየመሐሉ «አሜን» ይላል። ከሁሉ ቀድመው የሚሉት ከፊት የተቀመጡት እማማ ማልሬ ናቸው። ጆሯቸው ስለደከመ፣ ተናጋሪው ትንፋሽ የሚወስድበትን ጠብቀው ነው።

ቀና ስትል ሳንግቾል ከወንበሩ ሊነሣ ሲል አየችው። ወረቀቱን አጠፈችው።

«ባሌ ልጄን ይደበድበው ነበር» አለች። ትንፋሽ ወሰደች።

«አሜን» አሉ እማማ ማልሬ።

መጋቢው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«በቀበቶ ነው። ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ። ጎረቤት እንዳይሰማ እኔ መስኮት እዘጋ ነበር። የሽማግሌ ቤት ነው ብዬ።»

«አሜን።»

«እማማ፣ እዚህ ላይ አሜን አይበሉ» አለች፣ ድምጿን ሳታነሣ። «መዝሙርም በሬዲዮ ከፍ አድርጌ እከፍትበት ነበር፤ ልጄ እስከ ዛሬ መዝሙር መስማት አይችልም። ድል የለኝም። እግዚአብሔር ይቅር እንዳለኝ አምናለሁ። ልጄ ግን አላለኝም፣ እንዲለኝም አልጠይቀውም። ጌታ ከሞት ተነሥቶ እንኳ ቁስሉን አሳይቷል። እኔ የልጄን ቁስል ይህን ሁሉ ዓመት ደበቅሁ።»

አሜን ያለ ሰው የለም። የኋለኛውን ወንበር ብታይ ባዶ ነው። የመወጣጫውን መደገፊያ ይዛ ወረደች።

ከአምልኮው በኋላ ምድር ቤት ውስጥ ምሳ ቀረበ፤ ሩዝና የባሕር ቅጠል ሾርባ። የሥራ ጓደኞቿ ወደተቀመጡበት ጠረጴዛ ሄደች።

«ተይዟል» አለቻት ሱንጃ፣ ቀና ሳትል። ሃያ ዓመት ጎን ለጎን ዛጎል ፈልቅቀዋል። «መልስ መስጠት የማይችል ሰው ላይ። ደግ አልሠራሽም።»

ቦንግሱን ብቻዋን ተቀመጠች። አልፈረደችባቸውም፤ እሷም በእነሱ ቦታ ብትሆን ያንኑ ታደርግ ነበር።

ከፊቷ ያለው ወንበር ተሳበ። ሳንግቾል ነው፤ ሳህን ይዟል፣ ሲጋራ ሲጋራ ይሸታል። የሾርባውን ግማሽ ጠጣ።

«መታጠቢያ ቤቱን አላነሣሽም» አላት።

«አላነሣሁም።»

«ለምን?»

«በሩን ከውጭ የምቆልፍብህ እኔ ስለነበርኩ።»

ይነሣል ብላ ጠበቀች። ከሱንጃ ጠረጴዛ የማንኪያ ድምፅ ጠፍቷል።

«ለእነሱ ተናገርሽ» አለ። «ለእኔ ግን ነግረሽኝ አታውቂም። ንገሪኝ እስቲ። ከመጀመሪያው።»

«እዚህ?»

«እዚሁ።»

ቦንግሱን ማንኪያዋን አስቀመጠች፤ ሰው ይስማ አይስማ ዞራ ሳታይ፣ እሱ ሰባት ዓመት ከሞላበት ክረምት ጀመረች።