«ወረድሽ ወይ?»

አውሮፕላን አብራሪነት ስማር፣ ሐይቅ ከተማ የሚኖሩት አያቴ ከየልምምዱ በኋላ ይደውሉልኝ ነበር። አንድ ቀን፣ «ስንወጣ አስተማሪው የአውሮፕላኑን አፍንጫ አብዝተሽ አታንሺ፣ ፍጥነቱ ይሞትና ክንፉ ይከዳሻል ይለኛል» ብላቸው ሳቁ።

«እንደ አምባሰል ዳገት ነው በይኛ! ሮጦ የጀመረው አጋማሹ ላይ ይቀራል።»

ዘመድ ሁሉ ምን ያህል ከፍ እንዳልሁ ነው የሚጠይቀኝ። እሳቸው ግን «ወረድሽ ወይ?» ብቻ ይሉኛል። «አዎ» ስላቸው፣ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ይዘጋሉ።

ጦርነቱ ሐይቅ ሲደርስ ስልክ ተቋረጠ። መስመሩ ሲመለስ የደወለልኝ አጎቴ ነው፤ አያቴ ከተቀበሩ ሰንብተዋል።

ትናንት ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን በረርሁ። አፍንጫውን አብዝቼ ሳላነሳ ቀስ ብዬ ወጣሁ፤ በሰላምም አረፍሁ። ሞተሩን አጥፍቼ፣ ስልኬን ይዤ ወንበሬ ላይ ቆየሁ።

እስካሁንም ያልወረድሁ ይመስለኛል።