ልኩን ያልተማርኩት ሥር

ልጅ እያለሁ ከቅልልቦሽ ይልቅ የአዴ ጫልቱን ቅርጫት መሸከም እወድ ነበር። አዴ የምላቸው በኦሮምኛ ወይዘሮ ለማለት ነው፤ ጎረቤታችን ነበሩ፣ ልጅ አልወለዱም። የአዳማ ሰው ንዳድ ሲይዘው የሚያስጠራው እሳቸውን ነው። ከተማችን ያኔ ናዝሬት የሚለው ስም አልወጣላትም፤ በባቡር ጣቢያው ዙሪያ የተኮለኮሉ ጥቂት ቤቶች፣ ከዚያ ወዲያ ግራር ብቻ። ዝናብ ሲጀምር የራሰ አቧራ ሽታ መንደሩን ይሞላዋል፤ እኔና አዴም ጠዋት ጠዋት ወደ አዋሽ በሚወስደው መንገድ እንወርዳለን።

ይቺ ለሆድ፣ ያቺ ለቁስል፣ ይህችኛዋ ለከብት ዓይን እያሉ ያሳዩኛል፤ እኔም ስማቸውን እሸመድዳለሁ። የንዳዷን ቅጠል ግን አንድ ቀን እንኳ በስም ጠርተዋት አያውቁም። በኦሮምኛ «ሰነ ፊዲ» ይሉኛል፤ «ያቺን አምጪ» ማለታቸው ነው። ሥሯ ሲበዛ ይገድላል፣ ሲያንስ አይሠራም፤ ልኩን የምማረው ከፍ ስል ነበር። መድኃኒቱ ለባዕድ ከታየ ከእጃቸው እንደሚሸሽ ያምኑ ስለነበር፣ ለማንም እንዳላሳይ አስጠንቅቀውኛል።

አንድ ክረምት ዕፅዋት የሚያጠና ፈረንጅ በባቡር መጣ። ቅጠሉን በጋዜጣ መሃል እያኖረ በሁለት ጣውላ ጠፍሮ ያስረዋል። አባቴ የጣቢያ ሠራተኛ ነበርና በለቃቀማት ፈረንሳይኛ አስተርጓሚ ሆነለት። አዴም ለአባቴ ብለው ሦስት ቀን አብረውን ዞሩ። የሚያውቁትን ሁሉ አሳዩ፤ ያቺን ብቻ እንዳላየ ሰው አለፏት።

በሦስተኛው ቀን ፈረንጁ ለንዳድ የሚሆን እንዳለ አስጠየቀ። አዴ የለም አሉ። ፈረንጁ ፊቱን አጨማዶ አባቴን አንድ ነገር ሲለው አባቴ አቀረቀረ። ምን እንዳለው እስከ ዛሬ አላውቅም፤ አባቴ ሲያፍር ማየት ግን አልቻልኩም። እጄን ወደ ቅጠሏ ዘርግቼ «ሰነ» አልኩ። ፈረንጁ ስሟ መስሎት ደብተሩ ላይ አሰፈረው፤ ከነሥሯም ነቀላት። አባቴ ራሴን ዳበስ አደረገኝ። አዴ ቅርጫቱን ከእጄ ተቀበሉኝና ፊት ፊት ሄዱ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲያ አልጠሩኝም። ለታመመ ሰውም መውጣት ተዉ። መስከረም ሳይጠባ ዕቃቸውን ሸክፈው ወለንጪቲ፣ ወንድማቸው ዘንድ ገቡ።

በጥቅምት ታናሽ እህቴን ጽጌን ንዳድ ጣላት። የጣቢያው ኪኒን አልቆ ነበር። አባቴ በባቡር ሰው ልኮ አዴን አስጠራ። እኔ መጠበቅ ስላቃተኝ ሮጬ ሄጄ ሥሩን ቆፍሬ አመጣሁ። እናቴ ሙቀጫውን አቀረበች። አባቴ «ስንት ይሆናል?» አለኝ። አውራ ጣት የሚያህል ይሁን ግማሹ፣ ከምን ጋር ይቀጥቀጥ፣ የማውቀው ነገር አልነበረኝም። ሁለቱም ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። ሥሩ ከነአፈሩ እጄ ላይ ቀረ። ጽጌ በማግስቱ ጠዋት አረፈች።

አዴ የደረሱት ከቀብር ስንመለስ ነው። አጠገቤ ተቀምጠው ራሴን ወደ ደረታቸው አስጠጉ። «ኢንተለ ኮ፣ ልጄ» አሉኝ፣ «ልኩን እኮ ዘንድሮ ላሳይሽ ነበር።» ለወቀሳ አልነበረም፤ እያለቀሱ ነው የነገሩኝ። ሥሩ ጽጌን ያድናት እንደነበር አላውቅም። አዴም ብዙ ሳይቆዩ ልኩንም ሌላውንም ዕውቀት ይዘውት አለፉ።

ዛሬ ንዳድ ወባ ተብሎ በደም ምርመራ ይለያል፤ መድኃኒቱ ከነልኩ ተጽፎ ይሰጣል። እሰየው እላለሁ። ዕፅዋት የሚያጠኑትም የራሳችን ልጆች ሆነዋል። አስፈቅደው ይጠይቃሉ፣ የነገራቸውንም ሰው ስም ይጽፋሉ። ያ ፈረንጅ የአዴን ስም መጻፉን እጠራጠራለሁ። የልጅ ልጄ ከነዚህ አጥኚዎች አንዷ ናት። ባለፈው ክረምት አጠገቤ ተቀምጣ አዴ ጫልቱ ምን እንዳስተማሩኝ ጠየቀችኝ። ስለ ቅጠሎቹ ልነግራት ጀምሬ፣ ለወለድኳቸው እንኳ ያልነገርኩትን የጽጌን ነገር ነገርኳት። ጽጌን በዓይኑ ያየ ሰው ከእኔ በቀር በሕይወት የለም። ልጅቷ ደብተሯን አዲስ ገጽ ላይ ገልጣ «ጽጌ» ብላ ጻፈችና ዕድሜዋን ጠየቀችኝ።

«አምስት» አልኳት።