ቢሮ የሚለበስ ጋቢ

አያቴ ቢሮ ሲሄዱ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለሙበትን ነጭ ጋቢ ከምስማሩ አውርደው ይለብሱ ነበር። «ሰው ፊት ቆሽሾ መቆም ሰውን መናቅ ነው» ይላሉ። ደብረ ማርቆስ ላይ ኮሌጅ የገባሁ ጊዜ፣ ለአቅመ ደካማ ተማሪዎች የሚሰጠውን ድጎማ ሊጠይቁልኝ በዚያው ጋቢ ቀበሌ ሄዱ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ከላይ እስከ ታች አይቷቸው፣ «አባባ፣ እርስዎማ ምን ጎደለዎት?» ብሎ መለሳቸው። ባለወፍጮው ጎረቤታችን ግን የሠራተኛውን ቡትቶ ተውሶ ቀረበና ለልጁ አስፈቀደ። «እርስዎም የተቀደደ ለብሰው ይመለሱ» ስላቸው፣ «ቸገረኝ አልኩ እንጂ ረከስኩ አልወጣኝም» አሉኝ።

አሁን ምስማሩ ባዶ ነው። በቀብራቸው ዕለት ያው ሰብሳቢ ዓይኑን በጨው አጥቦ መጣና፣ «ምስኪን፣ ድሃ አባታችን!» እያለ አለቀሰ። አስከሬናቸው የተሸፈነው እኮ በዚያው ነጭ ጋቢ ነበር።