የጋሽ ኑሩ ትሪ

ባለፈው ቅዳሜ ምድር ላይ ያለችው ጎረቤቴ ቅቤ ስታነጥር ሽታው በኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ወጥቶ ሦስተኛ ፎቅ ደረሰና በቤቴ በር ሥር ገባ። ኮሰረቱም፣ ኮረሪማውም፣ አብሹም፣ ሁሉም አለበት። የአዳማ ሙቀት ደግሞ ሽታን አያሳርፍም፤ ያገኘውን ይዞ በየቤቱ ይዞራል። ሌላ ሰው ቢሆን ይሄኔ ዓይኑን ጨፍኖ የእናቱን ጓዳ ያስታውሳል፣ ምራቁን ይውጣል። እኔ አንገቴን ማከክ ጀመርኩ። ቅቤው አልነካኝ፣ አልቀመስኩት፤ ዝም ብሎ ልማድ ነው። መስኮት ከፈትኩ፣ መልሼ ዘጋሁ፣ ተቀመጥኩ፣ ተነሳሁ። በመጨረሻ እዚያ ቤት ውስጥ መቆየት አቃተኝና ቁልፌን ይዤ ወጣሁ፤ ወዴት እንደምሄድ ሳላውቅ አስፋልቱን ይዤ በእግሬ ነጎድኩ። መንገድ ላይ ጋሽ ኑሩ ትዝ አለኝ።

ጋሽ ኑሩ ልጅ ሳለሁ የአጥር ጎረቤታችን ነበር። ያኔ እኛ ቤት ከተማዋን ናዝሬት ነበር የምንላት። ወሎዬ ነው፤ የአይሱዙ ሾፌር፤ ኑሮው ከሻሸመኔ አሰላ፣ ከአሰላ ዓለም ጤና ሲመላለስ ነው። ሽንኩርት ጭኖ ሲገባ የመኪናው ሽታ ከራሱ ቀድሞ ሰፈር ይደርሳል። ሽንኩርቱ ግን የነጋዴ ነው። የጋሽ ኑሩ የራሱ ጭነት ጋቢና ውስጥ፣ ከወንበሩ ኋላ፣ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ የሚመጣው አይብ ነው።

እንደሱ አይብ የሚወድ ሰው ከዚያ ወዲህ አላየሁም። አጥራችን ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ቅጠሉን ሲፈታ የጥሎሽ ሻንጣ የሚከፍት ይመስላል። በላዩ ሚጥሚጣ ይነሰንሳል፣ ጤና አዳም ይበጥስበታል፣ ከዚያ ዓይኑን ከድኖ ይጎርሳል። ከየት እንደመጣም ይለያል። የኮፈሌው ለሱ ንጉሥ ነው፤ «የደጋ ላም ነው፣ ጥርስ አይፈልግም» ይላል። የአሰላው በወይራ የታጠነ ዕቃ ውስጥ ስለሚቆይ ጭስ ጭስ ይላል፤ እሱንም ይወደዋል። ገበያ ላይ የሚሸጠውን ግን «ውሃ ነው፤ ነጋዴ ነክቶታል» ብሎ ይንቀዋል። አንድ ቀን የአዲስ አበባ ሰው ፎርማጆ የሚሉትን የፈረንጅ አይብ ቢያቀምሰው «ወላሂ ሳሙና ነው!» ብሎ ተፋው አሉ። ሚስቱ ዘይነባ «እኔን ያገባኝ በአይብ ላይ ነው፤ ጣውንቴ ናት» እያለች ሰፈሩን ታስቅ ነበር።

እኔ ደግሞ ወተት የነካው ነገር ሁሉ ጠላቴ ነበር። ቅቤ ያሳክከኛል፣ እርጎ ያስመልሰኛል፣ አይብ ደግሞ ከንፈሬን ያሳብጠዋል። ያኔ እኛ ሰፈር አለርጂ የሚባል ቃል አልገባም። «አይስማማትም» ነው የሚባለው። አይስማማትም የተባለ ነገር ደግሞ ለምዳው ለምዳው ይስማማታል ተብሎ ነው የሚታሰበው። ስለዚህ ጾም ሲገባ ሌላው ልጅ ሲነጫነጭ እኔ አርፋለሁ። ሁዳዴን ሙሉ ቆዳዬ ይጠራል፣ እንቅልፌ ይመለሳል። ፋሲካ ሲቃረብ የቀረውን ቀን በጣቴ እቆጥራለሁ። ሕዝበ ክርስቲያን ሁሉ ዶሮ ሲናፍቅ «ጌታ ሆይ ጾሙን አታስፈታን» ብሎ የሚጸልይ ልጅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ነበርኩ። ቄሳችን ቢሰሙ ጻድቅ ናት ይሉኝ ነበር።

የቤታችን አዛዥ የአባቴ ታላቅ እህት እትዬ አስካለ ነበሩ። ምንጃር ተወልደው፣ ባላቸው ሲሞቱ እኛ ጋ የገቡ፣ ወፍራም ድምፅ ያላቸው፣ ቸር፣ ግን ቃላቸው የማይመለስ ሴት። እናቴ እሳቸው ፊት ድምፅ አይወጣትም። እትዬ አስካለ እኔን ባዩ ቁጥር «ይቺ ልጅ አንጀቷ ቅቤ አጥቶ ነው» ይሉ ነበር። ለራስ ምታት ቅቤ፣ ለሳል ቅቤ፣ ለከሳ ሰው ቅቤ። በቅቤ የሚታመም ሰው አለ ብትሏቸው እንዳበዳችሁ ነው የሚቆጥሩት።

በአንድ ፋሲካ ጠዋት ታዲያ ማዕዱን ከበን ተቀምጠን ትልቅ ጉርሻ ጠቀለሉልኝ። ዶሮ ወጥ ነው፤ በላዩ አይብ ተለስኖበታል። ወደ ኋላ ሸሸሁ። «በሞቴ!» አሉ። አንገቴን ነቀነቅኩ። «አፈር ስሆን!» አሉ። እንግዲህ ታላቅ ሰው ሞቱን ጠርቶ ሲያጎርስ እንቢ ይባላል? አባቴ አየኝ፣ እናቴ መሬት መሬት አየች። ጎረስኩ።

ቡናው ሳይቀርብ ከንፈሬ ወፈረ። ቀጥሎ ጉሮሮዬ ጠበበ፤ አየሩ በወንፊት እየተንጠባጠበ የሚገባኝ መሰለኝ። ቤቱ ተተራመሰ። እትዬ አስካለ «ቡዳ ነው! ምግቧን ያየባት ሰው አለ! ፌጦ አምጡ!» እያሉ ይጮሃሉ፤ አንዱ አፍንጫዬ ሥር ሎሚ ይይዛል፣ አንዱ ያማትብብኛል። ጋሽ ኑሩ እንደ ሁልጊዜው ለበዓል ተጠርቶ ጥግ ላይ ለብቻው በቀረበለት ትሪ ተቀምጦ ነበር። ብድግ ብሎ ሰውን እየገፋ መጣና አነሳኝ። «ልጅቱ እየታፈነች ምን ፌጦ ነው የምትሉኝ!» ብሎ ጮኸባቸው። እሱ ሲጮህ ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። አይሱዙው ውስጥ ከእናቴ ጋር ወርውሮ አስገባኝ፤ ክላክሱን እንደያዘ ጋሪ እያስፈነጠረ ክሊኒክ አደረሰኝ። መርፌ ተወጋሁ። ቀስ እያለ አየር ገባ። ሐኪሙ ለእናቴ ወተት፣ ቅቤ፣ አይብ ሁለተኛ እንዳይደርስባት፣ የነካ እጅም ቢሆን ነግሬሻለሁ አላት።

ከዚያ ወዲህ ምግቤ ለብቻ ሆነ። በዓል ሲሆን ሁሉም ሳሎን ሲከብ እኔ ጓዳ ውስጥ በአንድ ሳህን። ያ ለኔ ከመርፌው ባሰብኝ። እትዬ አስካለ ራሳቸው ናቸው «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» እያሉ ያሳደጉን። እኔ ተረት መሆኑን መች አውቄ! እሞታለሁ ብዬ አመንኩ። አንድ ጉርሻ ጎርሼ እነሳለሁ፣ በሩ ጋ ሄጄ ሳቃቸውን እሰማለሁ፣ እመለሳለሁ፣ እንጀራውን ለድመቷ እሰጣለሁ። ከሳሁ። እትዬ አስካለ ደግሞ «አላልኩም? ቅቤ ሲቀርባት አመነመናት! በትንሽ በትንሹ እናለማምዳት» ማለት ጀመሩ። እናቴም አንድ ቀን «እስቲ እንሞክረው ይሆን?» ስትል ሰማኋት። ያን ቀን ፍርሃት ምን እንደሆነ አወቅኩ። ጓዳም ብቀመጥ ሳሎንም ብወጣ የምሞት መሰለኝ።

እንቁጣጣሽ ደረሰ። ጋሽ ኑሩ መጣ። እኛ ቤት ለሙስሊም እንግዳ የሚሠራበት ድስት ለብቻው ነው፤ ሥጋ ገብቶበት አያውቅም። ትሪውም ለብቻው፣ ጭልፋውም ለብቻው። እናቴ የዚያን ቀን በዘይት የሠራችውን ሽሮ፣ ምስሩን፣ እንቁላሉን ደረደረችና መሐሉ ላይ አይብ በሳህን እንደ ኮረብታ ቆለለችለት። አይቡን ቤት ውስጥ ያወጣችው ለሱ ብላ ነው፤ ውለታ አለበት ቤቱ። እሱ እጁን ሊዘረጋ ሲል ጓዳ በር ላይ ሳህኔን ይዤ ቆሜ አየኝ።

«ይቺ ልጅ ለምን ጓዳ ትበላለች?»

«የኛ እጅ እንዳይነካባት ብለን ነው ጋሽ ኑሩ» አለች እናቴ እየተሳቀቀች።

«እና ከኔ ጋር ትብላ። ነይ ወዲህ!»

እትዬ አስካለ ጉርሻቸውን አቁመው ቀና አሉ። «ምን ማለትህ ነው ኑሩ? የክርስቲያን ልጅ በእስላም ትሪ?»

«እርስዎ ይሙቱ እትዬ፣ ሥጋ የለበትም እኮ። ሽሮ ነው። ሽሮ አይሰግድ፣ አይሳለም።»

አባቴ ሳቁ አመለጠው። ጋሽ ኑሩ ግን አልሳቀም። አይቡን ቁልቁል ያየዋል። እኔም እሱን አያለሁ። ምራቁን ሲውጥ ማንቁርቱ ወጣ ወረደ። ከዚያ ሳህኑን በሁለት እጁ አንስቶ ለእናቴ አቀበላት። «ይሄን አንሱልኝ።»

«ኑሩ፣ አሞሃል እንዴ?» አለ አባቴ።

«ሐኪም ከልክሎኛል።»

ይህን ውሸት ማን ይመነው! ጠዋት አጥሩ ሥር ሲበላ አይተነዋል። ጋሽ ኑሩ ወደ ግቢ ወጣ፣ ሳሙና ጠየቀ፣ እጁን እስከ ክርኑ ታጠበ፣ ጺሙንም ታጠበ። ተመልሶ ሲቀመጥ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። እንዲህ በረሃብ የበላሁበትን ቀን አላስታውስም።

ስበላ ያዩኝ እትዬ አስካለ አንጀታቸው አልቻለም። ጠቀለሉና «በሞቴ» እያሉ ወደ እኔ መጡ። ትሪው ጋ ሲደርሱ ግን ቆሙ። እጃቸው የዶሮ ወጥ እጅ ነው፤ ሥጋ የነካ እጅ ወደ ሙስሊም ትሪ አይዘረጋም። ይህን ነውር እኛን ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። ጉርሻው አየር ላይ ትንሽ ቆየ። ጋሽ ኑሩ ቀና ብሎ አያቸው። እትዬ አስካለ ዞር አሉና ጉርሻውን ለአባቴ ሰጡት። ያኔ ገባኝ፤ ያ ትሪ ላይ እስካለሁ ድረስ ማንም አይደርስብኝም።

ከዚያ በኋላ በበዓል ሁሉ ቦታዬ እዚያ ሆነ። ጋሽ ኑሩ ለእናቴ «ለኔ ሁልጊዜም በዘይት ይሁን፤ ቅቤ ሞልቶኛል» አላት። ስንበላ ብዙ አያወራም፤ አንዳንዴ ብቻ እንጀራውን በጣቱ ወደ እኔ ይገፋዋል። ዘይነባ ስትነግረን፣ ከእኛ ቤት ሲወጣ ሰላምታም ሳይሰጣት ቀጥ ብሎ ወደ አይቡ ነው አሉ የሚሮጠው። እኔ ግን የዘወትር ጭንቀቴ አልለቀቀኝም። ካልመጣስ? መኪናው ሻሸመኔ ቢበላሽስ? በዓል ጠዋት እስከ በሩ ስንቴ እንደምመላለስ እኔ ነኝ የማውቀው።

አንድ ዓመት እንቁጣጣሽ ረመዳን ውስጥ ገባ። ቀኑን ሙሉ ይጾማል ማለት ነው። እናቴ «ዛሬ አይመጣምና ጓዳ አቀርብልሻለሁ» አለችኝ። አኮረፍኩ፣ ግቢውን ዞርኩ፣ ውሻውን ሳይቀር ተቆጣሁ። ምሳ ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ኑሩ ነው፤ ከንፈሩ በሙቀቱ ደርቋል። ገባ፣ እንደ ወትሮው ታጠበ፣ ትሪው ፊት ተቀመጠ። «ብይ» አለኝ። እሱ ውሃም አልቀመሰ። እየበላሁ የላንጋኖን መንገድ፣ ጎማ የፈነዳበትን ቦታ፣ ኮፈሌ ላይ ጋቢና ውስጥ የገባችበትን ፍየል ያወራልኛል። እስክጨርስ አልተነሳም። እትዬ አስካለ ከማዶ ሆነው ያዩታል፤ ጉርሻቸው እጃቸው ላይ ደርቋል። ሲወጣ እስከ በር ሸኙት። ማንንም እስከ በር ሲሸኙ አይቼ አላውቅም።

ጋሽ ኑሩ የሞተው እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስጨርስ ነው። ጉበቱ ነው አሉ፤ ብዙም አልተኛ። ሞቱን ስሰማ በመጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ራሴ ነው፤ እንግዲህ ከማን ጋር ልብላ ነው ያልኩት። ሰው እንዲህ ነው መቼስ፤ ቆይቶ ነው ለእሱ ያለቀስኩት፣ ሳለቅስም መቆም አቃተኝ።

ለሶደቃው ቤተሰቡ ሁሉ ሄድን። በዘይነባ ግቢ ውስጥ ድንኳን ተጥሏል፣ በሬ ታርዷል፤ ለእኛ ለክርስቲያኖቹ ደግሞ ሥጋ የሌለበት ትሪ ለብቻ ተዘጋጅቷል። ምስር አለ፣ የተቀቀለ እንቁላል አለ። መሐሉ ላይ አይብ። ጓደኞቹ ሾፌሮች ከኮፈሌ ያመጡት ነው፤ ነጭ፣ ለስላሳ፣ እሱ የሚወደው ዓይነት። የሰው እጅ ሁሉ ከእሱ ወደ ምስሩ፣ ከምስሩ ወደ እሱ ይመላለሳል። እኔ የምበላበት ቦታ የለም። ነጠላዬን ሰበሰብኩና ቀስ ብዬ ልወጣ ተነሳሁ።

እትዬ አስካለ የነጠላዬን ጫፍ ያዙት።

«ወዴት ነው?»

«ጠግቤያለሁ እትዬ።»

ለቀውኝ በዱላቸው ተደግፈው ተነሱ። «ዘይነባ፣ አይብና ቅቤ ያልነካው ሌላ ትሪ አምጪልኝ። ትንሽ ይበቃል፤ ለሁለት ሰው ነው» አሉ። ከዚያ ወደ ቧንቧው ሄዱ። ሳሙና አስመጡ። ወገባቸው እያመማቸው ጎንበስ ብለው አንድ በአንድ ጣቶቻቸውን አሹ፣ ጥፍራቸውን ፈተጉ፣ አለቅልቀው እንደገና በሳሙና ታጠቡ። ሰው ያያቸዋል፤ ግድ አልሰጣቸውም።

ተመልሰው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። «ቁጭ በይ» አሉኝ። «በኑሩ ቤት ብቻውን የሚበላ ሰው አይኖርም።»

ከምስሩ ትንሽ ጠቅልለው እጃቸውን ዘረጉልኝ። በሞቴ አላሉኝም፣ አፈር ስሆን አላሉኝም፤ እንቢ ብላቸው የሚመልሱት ይመስላሉ። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ የማንንም ሰው እጅ ሳልመረምር ጎርሼ አላውቅም ነበር። ጣታቸው ሳሙና ሳሙና ይላል። ዓይናቸውን ብቻ እያየሁ አፌን ከፈትኩ።