በአበባማው ሰሃን የምትበላው ልጅ

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ ሰናይት አጥራችንን ተደግፋ ስለ ልጅቷ አጫወተችኝ። እሷና ባሏ አሳዳጊ የሌላትን የአራት ዓመት ሕፃን በአደራ ተቀብለው ማሳደግ ከጀመሩ ገና ወር አልሞላቸውም።

«ጋሼ ታምሩ፣ እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ መሰለችዎት! የሰጠኋትን ትበላለች፣ ተቀመጪ ያልኳት ቦታ ትቀመጣለች። አንድ ቀን እንኳ አልቅሳ አታውቅም» አለችኝ።

ደስ ብሏት ነው የምትነግረኝ። እኔ ግን ደስታዋን መጋራት አቃተኝ። ፊቴን አይታ «ምነው?» ስትለኝ ገብተን እንድንቀመጥ ነገርኳት። አጥር ላይ ተቁሞ የሚያልቅ ወሬ አልነበረም።

ያን ጊዜ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፤ አርባ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረው። አቃቂ በሰቃ፣ ሁለት ክፍል ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ከእማዬና ከአባዬ ጋር ሦስት ሆነን እንኖር ነበር። አባዬ የጭነት መኪና መካኒክ ነው፤ እማዬ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈታይ ነበረች። ከእማዬ ጋር ጎን ለጎን ትሠራ የነበረች አንዲት ሴት ታማ ሞተች። ባልም ዘመድም አልነበራትም፤ የነበረቻት የሰባት ዓመት ልጇ ወይንሸት ብቻ ናት። ልጅቷን አንዱ ጎረቤት ጥቂት ሳምንት፣ ሌላው ጥቂት ሳምንት እያስጠጋት ሦስት ቤት አዳረሰች። በመጨረሻ እማዬ «እኔ አሳድጋታለሁ» ብላ ቀበሌ ሄደች።

ቀበሌው ውስጥ የሕፃናትን ጉዳይ የሚከታተሉ ወይዘሮ አስካለ የሚባሉ ሴት ነበሩ። ቁርጥ ያለ ነገር ይወዳሉ። «ሦስት ወር እንያት። ከተላመደች እናንተው ጋ ትቀራለች። ካልተላመደች ግን ማሳደጊያ መግባቷ ነው» አሉ። እማዬ ይህን ሰምታ ስትመለስ አባዬንና እኔን አስቀምጣ አስጠነቀቀችን። ልጅቷን ቅር የሚያሰኝ ነገር እንዳትሠሩ፣ ኋላ ትወሰድብናለች አለችን።

ወይንሸት የመጣችው የሐምሌ አቦ ማግስት ነው። ያን ዕለት እማዬ ከቡፌው ውስጥ ዳሯ ላይ አበባ ያለባትን ሰሃን አወጣች። ያቺ ሰሃን የምትወጣው ለክብር እንግዳ ብቻ ነበር፤ እኔ በአሥራ ሰባት ዓመቴ አንድ ቀን በልቼባት አላውቅም። ለወይንሸት ግን በየቀኑ ወጣች። እኛ ሦስታችን ከአንድ ትሪ ስንበላ፣ እሷ የአባዬ ባለ መደገፊያ ወንበር ላይ እግሯ መሬት ሳይደርስ ተቀምጣ ለብቻዋ ትበላለች። ሥጋ ካለ ሥጋው የሷ ነው፣ እንቁላል ካለም የሷ። ሥራ የሚባል አይነካትም። ብድግ ካለች እማዬ «ኧረ ተቀመጪ የኔ እናት!» ትላታለች። የሟች እናቷን ስም እንኳ ቤታችን ውስጥ ማንም አያነሳም፣ ሆዷ እንዳይባባ ተብሎ።

የአቃቂን ጭቃ የማያውቅ ሰው የኔን መከራ አይረዳኝም። መረሬ አፈር ነው፣ ጥቁርና ወፍራም። በክረምት አንድ እግር ስታነሳ ግማሽ መንደር አብሮህ ይነሳል። እኛ ቤት ጫማ ማጠብ የኔ ሥራ ነበር፤ አሁን የወይንሸት ኮንጎ ተጨመረልኝ። ያቺን ትንሽ የላስቲክ ጫማ በእንጨት እየፈለፈልኩ ሳጥብ፣ ባለቤቷ ወንበሯ ላይ ሆና በዝምታ ታየኛለች። ሳቀብላት «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ» ትላለች፤ እርስዎ እያለች ነው የምታናግረኝ። ቅናት አልነበረም ብል ውሸት ነው። በደንብ አድርጌ ቀንቻለሁ።

ሆኖም አንድ ነገር ይታየኝ ነበር። ልብሷን የያዘችውን ከረጢት አንድ ቀን ፈታ አታውቅም። የምትለውጠውን ታወጣለች፣ የለወጠችውን አጣጥፋ ትመልሳለች፣ አፉን ታስራለች። እማዬ ልብስ መስቀያ ምስማር መትታላት ነበር፤ ምስማሩ ባዶውን ከረመ። ወይዘሮ አስካለ በወሩ ሊጠይቁ ሲመጡ እማዬ በኩራት «ኧረ ምንም አላስቸገረችን!» አለቻቸው። ሴትዮዋ ከረጢቱን አዩ፣ ልጅቷን አዩ። «የማያስቸግር ልጅ ገና ቤት አልገባም፤ እንደዚህ ከሆነ ያሰጋኛል» ብለው ወጡ። እማዬ ተንሰቀሰቀች። በማግስቱ ምን አደረገች? የወይንሸት ወንበር ላይ ትራስ ጨመረችበት።

ፍልሰታ ገና አልተፈታም ነበር። አንድ ቅዳሜ፣ ዝናቡ ከሌሊት ጀምሮ ቆርቆሮውን ሲወግረው ባረፈደበት ቀን፣ እማዬ ውኃ ቅዳ፣ ቤቱን ጥረግ፣ የሚያፈሰውን ድፈን እያለች አዋከበችኝ። በመጨረሻ ምስር በሰፌድ አድርጋ «ይህንንም ልቀም» ስትለኝ ወይንሸት ትራሷ ላይ ጉብ ብላለች። ያኔ ደሜ ፈላ።

«አንቺ! እጅ የለሽም እንዴ? ውረጂና ምስሩን ልቀሚ!»

እማዬ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። እኔም ቃሉ ከወጣ በኋላ ደነገጥኩ፤ አለቀሰች፣ ተወሰደች፣ በኔ ምክንያት እማዬ ልቧ ተሰበረ ብዬ አሰብኩ። ወይንሸት ግን ከወንበሩ ዘላ ወረደች። መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሰፌዱን ወደ ጭኗ ሳበች። ከመጣች ጀምሮ እንዲህ ፈጥና ስትንቀሳቀስ አላየኋትም።

ለቀመች ማለት ነው እንግዲህ። ሰባት ዓመቷ ነው፤ ጠጠሩን ከምስሩ ለመለየት ልምድ ይጠይቃል። እማዬ ልታርማት አፈረች፣ እኔ ደግሞ ጥፋቴ ከብዶኝ አንገቴን ደፍቻለሁ። ምስሩ እንደተለቀመ ተሠራና ምሳ ቀረበ። እኛ በትሪ፣ ወይንሸት በአበባማዋ ሰሃን። አባዬ ሁለተኛ ጉርሻውን አላመጠ፣ ከዚያ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። ሁላችንም መብላት አቆምን። አባዬ ጉንጩን ይዞ ጠጠሩን መዳፉ ላይ ተፋው።

«ይህን ምስር የለቀመው ማነው?»

እማዬ «እኔ ነኝ» ልትል ስትጀምር ወይንሸት ቀደመቻት። «እኔ ነኝ» አለች። ድምፅዋ በግድ ነው የሚሰማው።

አባዬ ብዙ አይናገርም። አባቶቹ እዚሁ አቃቂ ዳር ጤፍና ሽምብራ የሚያርሱ ገበሬዎች ነበሩ፤ ነገር ማለሳለስ አልለመደበትም። «ነገ ደግመሽ ትለቅሚያለሽ። ነገም ካልቻልሽ ከነገ ወዲያ። ጥርስ ገበያ አይሸጥም» አላት።

ልጅቷ አየችው። «ነገም እዚህ ነኝ?»

አባዬ ጥያቄው አልገባውም። እኔም መጀመሪያ አልገባኝም። እማዬ ግን የያዘችው እንጀራ ከእጇ ወደቀ።

«ታዲያ የት ልትሄጂ ነው?» አለ አባዬ። «ጠጠሩን ለኛ ትተሽ ልታመልጪ? ኮቱ! ነይ ቅረቢ፣ ያበላሸሽውን አብረሽን ትበያለሽ።» አባዬ ልቡ ሲራራ በልጅነቱ ቋንቋ፣ በኦሮምኛ ነበር የሚጣራው።

ወይንሸት ትሪው ጋ መጥታ በእኔና በእማዬ መካከል ተሸጎጠች። ሁለት ጊዜ ከጎረሰች በኋላ አለቀሰች። ሲቃ እየያዛት፣ ንፍጧ ከወጡ ጋር እየተቀላቀለ፣ የሰባት ዓመት ልጅ እንደሚያለቅሰው አለቀሰች። እማዬ አባበለቻት እንጂ ዝም በይ አላለቻትም።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ሁሉ በአንድ ቀን ተስተካከለ አልልም፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። እማዬ አበባማዋን ሰሃን ወደ ቡፌው መለሰች። ጫማ ማጠብ በተራ ሆነ። ኬሮሲን ልገዛ ስሄድ ወይንሸት ጠርሙሱን ይዛ ትከተለኛለች፤ ባለሱቁ የስልጤው ሰውዬም «እህትህ ናት?» ብሎ ሳይጠይቅ በደንበኛ ደንብ አንዳንድ ከረሜላ ይሰጠናል። ማታ ማታ፣ ከመተኛቷ በፊት እማዬ በማግስቱ የሚሆነውን ትነግራታለች፤ ነገ ገበያ እንሄዳለን፣ ነገ ፀጉርሽን እሠራልሻለሁ። ምስር ሲለቅሙም እናቷ ማሽን ላይ ቆማ ምን ትቀልድ እንደነበር፣ ከአለቃ ጋር እንዴት እንደምትጣላ ታጫውታታለች። ልጅቷ አንዱኑ ታሪክ አሥር ጊዜ ታስደግማት ነበር። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ምስማሩ ላይ ቀሚስ ተሰቅሎ አየሁ።

ሦስት ወሩ ሞላና ጥቅምት ሲብት ወይዘሮ አስካለ መጡ። ያን ዓመት ክረምቱ ጓዙን አልጠቀለለም፤ ጭቃው እንዳለ ነው። እማዬ ቤቱን አሰማምራ በር ላይ ቆማ ስትጠብቃቸው፣ ከጓሮ የኔና የወይንሸት ጩኸት መንገድ ድረስ ይሰማል።

«ዛሬ ተራው ያንተ ነው!»

«ትናንት ያንቺን አጥቤልሻለሁ!»

«ውሸታም! አላጥብም አልኩ አላጥብም!»

ወዲያው አንድ ጭቃ የጠጣ ኮንጎ በራሴ ላይ አልፎ ወይዘሮ አስካለ እግር ሥር አረፈ። እማዬ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ሴትዮዋ ጫማውን አዩ፣ የተረጨ ቀሚሳቸውን አዩ፣ ከዚያ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

«በቃ» አሉ። «ይሄ ይበቃኛል። ቀበሌ የሰጠሽን ወረቀት አምጪው ልፈርም።»

ሰናይት ይህን ሁሉ ሰምታ «ታዲያ ልቆጣት ነው የሚሉኝ?» አለችኝ። አይደለም አልኳት። እኔ ወይንሸት ላይ የጮህኩት በጥበብ አልነበረም፤ ስንፍናና ቅናት ነው ያስጮኸኝ፣ ሌላ ልጅ ቢሆን በዚያው ይሰበር ነበር። ያንቺ ልጅ ግን ቤትሽ ውስጥ የምትሠራው ነገር፣ የምትቀመጥበት ተራ፣ የምትጠብቀው ነገ ይኑራት። ስታጠፋም አጥፍታ የምትቀር እንጂ አጥፍታ የምትሄድ እንዳልሆነች በቃል ይነገራት።

ሰናይት ከሄደች በኋላ ወይንሸት ጋ ደወልኩ። ዛሬ ሳሪስ አቦ አካባቢ የምትኖር የሦስት ልጆች እናት ናት። በአርባ ዓመት ውስጥ ጠይቄያት የማላውቀውን ጥያቄ ጠየቅኳት፤ መጀመሪያ የመጣሽ ሰሞን፣ ወንበሩ ላይ ዝም ብለሽ ስትቀመጪ ምን ታስቢ ነበር?

«የሚወስደኝን ሰው እጠብቅ ነበር» አለችኝ። «በር በተንኳኳ ቁጥር ለኔ የመጣ ይመስለኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽንም?»

«ደጎች ነበራችኋ» አለችኝ። «ይከፋችኋል ብዬ።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነገሩ ገባኝ። እኛ ሦስት ትልልቅ ሰዎች እሷ እንዳይከፋት ስንጠነቀቅ፣ አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ፍርሃቷን ለብቻዋ ይዛ፣ እኛን እንዳይከፋን ስትጠነቀቅ ነበር የከረመችው።